ግቢ ተጋርተን ለምንኖር ሰዎች፦ የኮሮናን ወራት እንዴት እንለፍ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም የሚሉን አንድ ነበር። ቤታችሁ ሁኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ። ሰው ጋ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የሚሰማን ይኸው ነበር። ምክሩ ልክ ነው። ችግሩ የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ ሽንት ቤትና የወር አስቤዛ ላለው ሰው የተነገረ መምሰሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን የቀበሌ ቤት ወይም በአንድ አጥር ግቢ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ነው የምንኖረው። በር ለበር እንተያያለን፣ ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን፣ ለሽንት ቤት ተራ እንጠብቃለን። ይህን የጻፍኩት ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ እንደዚህ ለሚኖር ሰው ነው።

የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ያኔ ገና አንድ ወር ገደማ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ የ5 ወር ነበር። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ተፍ ተፍ ብለን የምንተወው ነገር አልነበረም። ሳንሰለች፣ ጎረቤት ሳናስቀይም፣ ባለን ገንዘብ ልንዘልቀው የምንችለው ዘዴ ነበር የሚያስፈልገን።

ግቢ ከተጋራን ደግሞ ማንም ለብቻው ሊጠነቀቅ አይችልም። እኔ ቀኑን ሙሉ እጄን ብታጠብ፣ ያንኑ የቧንቧ እጀታ ሰባት ቤት ይይዘዋል። ስለዚህ ከሳሙናም ከማስክም በፊት የሚመጣው ስምምነት ነው።

መጀመሪያ ተነጋገሩ

ሁሉም ሰው ቤት የሚገኝበትን ሰዓት ምረጡ፣ ማታ ይሻላል። አንድ ክፍል ውስጥ አትሰብሰቡ። እያንዳንዱ በየበሩ ላይ ቆሞ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መነጋገር ይቻላል። ጉዳዩን የሚያነሳው ግቢው ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰው እድሜ ጠገብ የሆኑ እናት ናቸው፤ እሳቸው ያሉትን ማንም አይጥልም። አከራዩ ግቢው ውስጥ ከሆነ እሱም ይኑርበት፣ ውሃውና መብራቱ በእሱ እጅ ነውና።

የምትስማሙባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሳሙናና በረኪና ማን ይገዛል? ሽንት ቤቱን ማን መቼ ያጸዳል? እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል? አንድ ሰው ቢያስል ምን እናደርጋለን? መዋጮ ካለ፣ ሥራ የቆመበት ሰው አይጠየቅ። የቀን ሠራተኛው፣ የጀበና ቡና የምትሸጠው፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ነው የቆመው። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ያግዛል። ይህን በግልጽ ተናገሩት፣ ምክንያቱም ሰው መዋጮውን አፍሮ ነው ከስምምነቱ የሚወጣው።

የተስማማችሁበትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ የግቢው በር ላይ ለጥፉት።

ውሃ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «በሚፈስ ውሃ ታጠቡ» ሲባል ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ግን የሚፈስ ውሃ ማለት የግድ የቧንቧ ውሃ አይደለም። ከላይ ወደ እጅ የሚወርድ፣ ተመልሶ ዕቃው ውስጥ የማይገባ ውሃ ከሆነ ይበቃል። መጥፎው ነገር ሁላችንም እጃችንን አንድ ሳፋ ውስጥ እየነከርን መታጠባችን ነው።

አቅም ካላችሁ ባለ ቧንቧ ባልዲ ግዙና በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ከሌላችሁ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። ከአንገቱ በታች ባለው ጎን በጋለ ምስማር ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ሁለት ባላ እንጨት መሬት ላይ ትከሉ፣ አግዳሚ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፋችሁ ባላዎቹ ላይ አጋድሙት። ከዚያ የጀሪካኑን አንገት በገመድ እሰሩና የገመዱን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ከተኛ እንጨት ጋር አያይዙት። እንጨቱን በእግር ስትረግጡ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ማንም በእጁ ምንም አይነካም። ሳሙናውን በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ከታችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት። እንዲህ ከሆነ ጭቃ ውስጥ አይወድቅም፣ ልጆችም አይወስዱትም። ከሥሩ ጠጠር አፍስሱ፣ ካልሆነ በሁለት ቀን ረግረግ ይሆናል።

ሁለት ቢሆን እመርጣለሁ። አንዱ የግቢው በር ላይ፣ አንዱ ሽንት ቤቱ አጠገብ። የሚሞላው ሰው በተራ ይሁን። ውሃ በሚመጣበት ቀን መጀመሪያ የሚሞላው የመታጠቢያው ጀሪካን ይሁን፣ ከዚያ የየቤቱ።

ስለ ሳሙና ሰው ብዙ ይጨነቃል። የልብስ ሳሙናም፣ የገላ ሳሙናም፣ ላርጎም፣ ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃም ይሠራል። ይህ ቫይረስ የተሸፈነው በስብ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ስቡን ይበትነዋል። 20 ሰከንድ አሽት አሽት አድርጉ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር ጭምር። ሳኒታይዘር የሚያስፈልገው ውሃና ሳሙና በሌለበት ቦታ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ መሃል። ከገዛችሁም አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ምንም ያልተጻፈበት፣ መንገድ ዳር በውሃ ጠርሙስ የተሞላ ነገር አትግዙ። አረቄም በዚህ ቦታ አይተካም፣ አልኮሉ አይደርስም።

ሽንት ቤት እና በረኪና

ሽንት ቤቱ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጽዳ፣ ጠዋት ሰው ከወጣ በኋላና ማታ። መክፈቻው፣ መወርወሪያው፣ የመብራት ማብሪያው፣ የውሃ ጣሳው እጀታ ዋናዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው ወለሉን ሲያጥብ ይውልና እጀታውን ይረሳል።

ገበያ ላይ ያለው በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፣ ጠርሙሱን አይታችሁ አረጋግጡ። ለሽንት ቤትና ሰው ለታመመበት ቦታ አንድ ሲኒ በረኪና በዘጠኝ ሲኒ ውሃ በጥብጡ። ለበር እጀታና ለጠረጴዛ ግን ቀጠን ያለው ይበቃል፤ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ። የሚለካበት ሲኒ ለዚህ ብቻ ይሁን፣ ምልክት ይደረግበት። የበጠበጣችሁትን በማግስቱ ድፉትና አዲስ አዘጋጁ፣ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ከቀባችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት እንጂ ወዲያው አትጥረጉት።

በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። ሰው ላይም አትርጩ። በውሃ ጠርሙስ አስቀምጣችሁ ልጅ እንዳይጠጣው ተጠንቀቁ፣ ይህ በእውነት የሚያስፈራኝ ነገር ነው።

ወጥቶ መግባት

ቤት ሁኑ ቢባልም የሚወጣ ሰው አለ። ካልወጣ አይበላም። ይህን ሰው አትውቀሱት፣ ይልቅ ሲመለስ የሚታጠብበት ውሃ በሩ ላይ ይጠብቀው።

በ2012 ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዞ ነበር፣ ሰልፉ ግን ረዝሞ ነበር። የሚያጋልጠን አንዳንዴ ታክሲው ሳይሆን ሰልፉ ነው። በእግር የሚደረስ ከሆነ በእግር ሂዱ። ካልሆነ በማለዳ ውጡ። መስኮት ክፈቱ፣ ብርድ ነው የሚል ሰው ቢኖርም በትሕትና አስረዱት። ሂሳቡን ዝርዝር አድርጋችሁ ያዙ፣ መልስ መቀባበል ይቀንሳል። ገንዘብ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁ ፊታችሁ ላይ አይውጣ።

ማስክ ለመግዛት አቅም ካጣችሁ፣ ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ከንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ አድርጎ ይሰፋላችኋል። እሱም ሥራ ያገኛል። ለሰው ሁለት ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ። ማታ በሳሙና አጥባችሁ አስጡት። ስታወሩ ወደ አገጭ አታውርዱት፣ በዋናነት የሚያስፈልገው ስናወራ ነውና። የሐኪም ማስክ ለሐኪሞች ይቅር።

ገበያና ምግብ

አትክልት ተራ በ2012 ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ቦታው ሰፊ ነው፣ ግን ለበዓል ሁላችንም ባንድ ቀን ከሄድን ስፋቱ ምንም አይጠቅምም። ከግቢው አንድ ሰው፣ ወይም በየሳምንቱ በተራ ሁለት ሰው፣ የሁሉንም ዝርዝር ይዞ ይሂድ። ጤናማና ወጣት ቢሆን ይመረጣል። ትንሽ ትንሹን ደግሞ ከሰፈር ጉሊት ግዙ። እዚያ ግፊያ የለም፣ ጉሊት የምትሸጠውም እናት ጎረቤታችን ናት።

ስለ ማከማቸት የማስበውን በቀጥታ ልናገር። ገንዘብ ያለው ሰው የስድስት ወር ዘይትና ዱቄት ሲጭን፣ በየቀኑ አንድ ኩባያ ዘይት የሚገዛው ሰው ዋጋው ተወዶ ይጠብቀዋል። የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት መያዝ ይበቃል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ እነዚህ ድሮም የምንይዛቸው ናቸው። ሽንኩርት በላስቲክ አታፍኑት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ዘርጉት። የተረፈ እንጀራ ሻጋታ ሳይነካው ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ድርቆሽ ወራት ይቆያል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በቲማቲም ወይም በበርበሬ ስልስ ጥሩ ፍርፍር ይወጣዋል። ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ ካስጠላችሁ እህሉን በአንድ ላይ አስፈጩ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ያኔ ዋጋቸው ጣራ ነክቶ ነበር፣ ፌጦማ ጭራሽ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። የለመደ ሰው ይብላ፣ ይጠጣ፣ ለጉሮሮ ደስ ይላል። ኮሮናን ግን አይከላከልም፣ አያድንምም። ለእነዚህ የምታወጡትን ብር ሳሙና ግዙበት። የጦፈ ውሃ ላይ ልጅ አስጎንብሶ ማጠንም ይቅር፣ ቃጠሎ ያመጣል እንጂ።

ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይመገቡ የነበሩ ልጆች ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤት ዋሉ። ለእናታቸው ይህ በቀን ሁለት ማዕድ ተጨማሪ ማለት ነው። ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ካለ፣ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ። አንድ ጣሳ ሽሮ ወይም አምስት እንጀራ አድርሱ።

ማዕድና ቡና

ከአንድ ትሪ መብላት ለጊዜው ይቁም። እዚያው ቤት ውስጥ ቤተሰቡ አብሮ እያደረ ልዩነት የለውም የሚሉ አሉ፣ በከፊል እውነት አላቸው። ግን ከመሃከላቸው አንዱ ታክሲ የሚሳፈር፣ አንዷ ደግሞ 70 ዓመት ያለፋቸው እናት ከሆኑ፣ የእናት ሳህን ለብቻ ይቅረብ። ጉርሻም ይቆይ። ሲቀርባቸው ቅር እንዳይላቸው መጀመሪያ አስረዷቸው፣ ምርጡን ቦታ ለእሳቸው አውጡ።

ቡናን ተዉ አልልም። ከነጋ የሰው ፊት ያላየ ሰው በቡና ሰዓት ነው ልቡ የሚመለስ። ደጅ ላይ አፍሉት። እያንዳንዱ የራሱን በርጩማ በየበሩ ላይ አድርጎ፣ የራሱን ሲኒ ይዞ ይቀመጥ። ቀጂዋ ሲኒውን ሳትነካ ታፍስስ። ከሌላ ግቢ የሚመጣ ሰው አይጨመር፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ በ2012ቱ አዋጅም ተከልክሎ ነበር።

ፋሲካና ረመዳን

የ2012 ፋሲካ እሁድ ሚያዝያ 11 ነበር። ያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስንም ስቅለትንም ከቤት ሆነን፣ በቴሌቪዥን ነበር የምንከታተለው። እድሜ ልካቸውን ሕማማትን ቤተ ክርስቲያን በስግደት ላሳለፉ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ምን አለበት፣ ቤት ይጸልዩ» ብላችሁ አትለፉት። ቤት ውስጥ አንድ ጥግ አዘጋጁላቸው፣ ሥዕለ አድኅኖውን ሰቅላችሁ፣ ቴሌቪዥን የሌላቸው ከሆነ ሬዲዮ ወይም ስልካችሁን አውሱ፣ እንዲሰግዱበት ቦታ ልቀቁ። ጉልባኑን በየሳህኑ አድርጋችሁ በየቤቱ አድርሱ። አክፋይ የምትሄዱ ልጆች ስጦታውን በር ላይ አስቀምጡና ከራቅ ብላችሁ ተመረቁ። ሩቅ ከሆነ ደውሉ። ቄጤማ የሚያዞሩ አባቶች ቢመጡ መስቀል ከመሳለም ይልቅ ጎንበስ ብላችሁ ተባረኩ፣ አባቶችም ይረዳሉ።

ቅርጫ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አስቡበት። በሬ ሲታረድ ሃያ ሰው ዙሪያውን ይቆማል፣ መደቡ ሲወጣም ይተፋፈጋል። ብሩን አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰብስብ። ሁለት ሦስት የለመዱ ሰዎች ብቻ በሬውን ይረዱና ይከፋፍሉ፣ ዕጣውን በስልክ አውጡ፣ ድርሻውን በየቤቱ አድርሱ።

ረመዳንም ያን ዓመት የሚገባው ሚያዝያ 16 ገደማ ነበር። አፍጥርም ተራዊሕም ቤት ውስጥ ነበር የሚሆነው። ሳምቡሳና ሾርባ ለጎረቤት መላክ አይቀርም፤ በተዘጋ ዕቃ፣ በር ላይ።

ለቅሶ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። እኛ ሐዘንተኛ ብቻውን ትተን አናውቅም። ግን ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተቃቅፎ፣ ሦስት ቀን አብሮ መዋል በወረርሽኙ ወራት ሐዘን ላይ ሐዘን ሊጨምር ይችላል።

የእድሩ ዳኛ ዛሬውኑ ከአባላት ጋር በስልክ ተነጋግሮ ደንቡን ይንገር። ሰው ሲሞት ሳይሆን ከመሞቱ በፊት። ድንኳን አይጣል፣ የእድሩ ገንዘብ በሙሉ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ ምግብ ተራ በተራ ከየቤቱ በተዘጋ ዕቃ ይሂድ፣ አንድ ወይም ሁለት የቅርብ ዘመድ ብቻ ቤት ይደር። ሌሎቻችን ደግሞ እንደውል። በስልክ ለቅሶ መድረስ ይከብዳል፣ ምን እንደሚባል ይጠፋል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ይዘንለት» ብላችሁ ወዲያው አትዝጉ። ስለ ሟቹ አንድ የምታስታውሱትን ነገር ንገሯቸው፣ ከዚያ እነሱ ያውሩ። በማግስቱም ደውሉ፣ በሳምንቱም። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው ቂም እንዳይያዝበት ለቤተሰቡ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ገንዘብ፣ ቤት ኪራይ፣ ሠራተኛ

ዕቁብ በአካል ተሰብስቦ መጣል አያስፈልግም። ሰብሳቢው በባንክ ወይም በሞባይል ይቀበል፣ ዕጣው ሁሉም ስልክ ላይ እያለ ይውጣ። ሥራ የቆመበት አባል ካለ ቅድሚያ ይውሰድ፣ ወይም ጊዜ ይሰጠው።

በ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር አይችልም ነበር። ይህን የማያውቅ ተከራይ ብዙ ነበር። አከራዮችም ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ኪራዩ መድኃኒት መግዣቸው ነው። ስለዚህ ያለውን መክፈል የሚችል ይክፈል፣ የማይችል ተደብቆ ከመሸሽ ቀርቦ ይናገር።

የቤት ሠራተኛ ያላችሁ፣ በሽታ ታመጣለች ብላችሁ አታሰናብቷት። መናኸሪያ ሄዳ የምታድርበት የላትም። ገበያ የምትልኳት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ማስኩም ሳሙናውም የእሷም ነው።

ሰው ሲታመም

ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ተነስቶ አይሂድ። 8335 ነጻ የስልክ መስመር ነው፣ መጀመሪያ እዚያ ይደወል። መስመሩ ቢያዝ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ትንፋሽ በጣም ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረ ግን ጊዜ አይሰጥም፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መለየት ከባድ ነው፣ ግን ምንም አይቻልም ማለት አይደለም። ታማሚው መስኮት ወይም በር አጠገብ ይተኛ። በመካከል መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ይሰቀል። ሌሎቹ ራስጌያቸውን በተቃራኒ አድርገው ይተኙ። ቀን ቀን በሩና መስኮቱ ይከፈት። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። ሳህኑና ኩባያው ይለይ። ሽንት ቤት ሲሄድ ከኋላው የሚያጸዳ ሰው ይኑር። ሕፃናትና አረጋውያን ለጊዜው ግቢው ውስጥ ሰው ያነሰበት ክፍል ይደሩ።

ጎረቤቶች ደግሞ አትሽሹ። ውሃ ቀድታችሁ በር ላይ አስቀምጡ፣ ምግብ አድርሱ፣ በመስኮት አነጋግሩ። የመጀመሪያው ታማሚ የጃፓን ዜጋ ነው ከተባለ ጊዜ ጀምሮ በየመንገዱ የውጭ ሰው ባዩ ቁጥር «ኮሮና!» እያሉ የሚጮኹ ነበሩ። ነውር ነው። ነገ ያው ጩኸት ወደ ጎረቤታችን ሲዞር፣ ያሳለው ሰው ሳሉን መደበቅ ይጀምራል፣ ያኔ ነው ግቢው በሙሉ የሚያዘው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በ2012 ምርመራው ቫይረሱ አለበት ካለ ታማሚው ወደ ሕክምና ማዕከል ይወሰድ ነበር፣ አብረውት የነበሩትም 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገቡ ይችሉ ነበር። መኪናው በር ላይ ሲቆም ለማሰብ ጊዜ የለም። ስለዚህ ከአሁኑ ለየቤቱ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዘጋጅ፤ ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙና፣ የስልክ ቻርጀር፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ መታወቂያ። እናትና አባት ቢሄዱ ልጆቹን ማን እንደሚያይ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ የሁሉም ቤት ስልክ ቁጥር ከነተጠሪው፣ በሩ ላይ ከለጠፋችሁት ወረቀት ሥር ጻፉት።